ሰው ባነሰበት ሜዳ

በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ዓመቱ በአራት ወቅቶች የሚከፈለው በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው፤ በነዋሪው አፍ የሚቆጠረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት ወቅቶች ሲሆን፣ ከእነዚህም ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በነሐሴ መጨረሻ ተጀምሮ ኅዳር ላይ የሚቋጨው፣ ጥሎ ማለፉን ለገፋበት ቡድን ግን እስከ ታኅሣሥ የሚዘልቀው የፉትቦል ወቅት ነው። ፉትቦል ሲባል ሌላው ዓለም የሚያውቀው እግር ኳስ ሳይሆን፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ኳስ በእጅ እየተያዘና እየተወረወረ፣ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ያደረጉ 11 ለ11 ተጫዋቾች 100 ያርድ (91 ሜትር ያህል) በሚረዝም ሜዳ ላይ የሚገፈታተሩበት፣ አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ ካልገፋ ኳሱን ለባላጋራው የሚያስረክብበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ኅዳር ላይ ተረክቦ እስከ መጋቢት የሚቆየው የቅርጫት ኳስ ወቅት ነው። ከመጋቢት በኋላም ሩጫና ቤዝቦል አሉ፤ ይሁንና በእነርሱ ጉዳይ ፀጉር ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚከራከር ሰው እምብዛም አይገኝም።

ለዚህ ሁሉ መነሻው አሜሪካ ወጣቶቿን የምታጫውትበት ሥርዓት ነው። በአውሮፓ አንድ ልጅ ኳስ መጫወት ሲያምረው ወደ ሰፈሩ ወይም ወደ ከተማው ክለብ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው የሒሳብ ውጤቱን ነው። በኢትዮጵያም ክፍል ከክፍል፣ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት መጋጠም የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ በሽንፈቱ ምክንያት እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር የባንክ ሥራ አስኪያጅ አይታወቅም። በአሜሪካ ግን ክለቡ ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ማሊያ የሚያለብሰው፣ አሠልጣኝ የሚቀጥረው፣ በቢጫው አውቶቡስ የሚያጓጉዘው፣ ሜዳውንም የሜዳውን መብራትም የሚያሠራው እርሱ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ያላት ከተማ ያላት ቡድንም አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ቲፎዞነት በዝንባሌ ሳይሆን በመኖሪያ አድራሻ የሚገኝ ነገር ይሆናል። ልጅ ያልወለደው ሽማግሌም፣ ልጆቹ ተመርቀው ከአገር የወጡበት ገበሬም፣ ከተመረቀ 40 ዓመት ያለፈው መድኃኒት ሻጭም ስለ ቡድኑ ሲያወሩ «እኛ» ይላሉ፤ «እኛ» የሚባሉት ግን መንጃ ፈቃድ ካወጡ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። ዓርብ ማታ ኳስ ከእጁ ያመለጠው የ16 ዓመት ልጅ ቅዳሜ ፀጉሩን ሳይቆረጥ ቢቆይ ይሻለዋል፤ መቀስ ከያዘ ሰው ጋር ክርክር አይገጠምምና።

ጉዳዩን በቁም ነገር ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ሮጀር ባርከር የተባለው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ነው። ባርከር በ1947 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በካንሳስ ግዛት ኦስካሉሳ በተባለች ትንሽ ከተማ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ፣ ሰዎች በየዕለቱ የት እንደሚውሉና ምን እንደሚሠሩ ለሩብ ምእተ ዓመት ሲያስመዘግብ ኖሯል፤ የከተማዋ ነዋሪም መዝገብ ይዞ የሚከተለውን ሰው ለምዶ ኑሮውን ቀጥሏል። በ1964 ከፖል ገምፕ ጋር ሆኖ ባሳተመው፣ ትልቅና ትንሽ ትምህርት ቤቶችን በሚያነጻጽረው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከጥቂት ደርዘን ተማሪ አንሥቶ ከ2,000 በላይ እስካላቸው ድረስ ያሉ የካንሳስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጠንተዋል። ውጤቱም ካሰቡት ግልጽ፣ ካላሰቡት ግን የሚያስገርም ነው፦ የተማሪው ቁጥር በብዙ እጥፍ ሲያድግ የሚሠራው ነገር ዓይነት የሚያድገው በጥቂቱ ነው። ትልቁም ትንሹም ትምህርት ቤት አንድ የፉትቦል ቡድን፣ አንድ የሙዚቃ ባንድ፣ አንድ የዓመት መጨረሻ ቴአትር አለው፤ ስለሆነም በትልቁ አብዛኛው ተማሪ ተመልካች ሲሆን፣ በትንሹ ሁሉም ተፈላጊ ነው። ባርከር ይህን የሰው እጥረት ያለበት መድረክ አድርጎ ይገልጸዋል፤ ሥራው ከሠራተኛው የሚበዛበት፣ በዚህም ምክንያት ዓይናፋሩም፣ ሰነፉም፣ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን የሚጨፍነውም ሳይቀር ተጎትቶ የሚገባበት ቦታ ማለት ነው።

ልዩነቱ በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። 2,000 ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ለቅርጫት ኳስ ቡድን የሚቀርቡት ልጆች ከሚፈለገው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጡ ምልመላ ይካሄዳል፤ የተመረጡት ስም ይለጠፋል፤ ስሙን ያጣው ጫማውን በቦርሳው ከትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። 80 ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ግን መልማዩ ራሱ ተመልማይ ሲለምን ይውላል። አሠልጣኙ በትምህርት መክፈቻ ሳምንት ኮሪደር ላይ ቆሞ በዕረፍቱ ማን ቁመት እንደጨመረ በዓይኑ ይለካል፤ ቁመት የጨመረው ልጅ ኳስ አልወድም ቢል ነገሩ በዚያ አያበቃም፤ እናቱ ግሮሰሪ ውስጥ ትጠየቃለች፤ አያቱም የራሱን ዘመን የቡድን ፎቶግራፍ ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል።

የዚህ እጥረት እጅግ የሚያምረው ማስረጃ የሚታየው በፉትቦል ጨዋታ የእረፍት ሰዓት ነው። እረፍት ማለት እያንዳንዳቸው 12 ደቂቃ ከሚፈጁት አራት ሩቦች ሁለቱ ሲያልቁ ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል ገብተው የአሠልጣኙን ቁጣ የሚያዳምጡበት፣ ሜዳውን ደግሞ የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ የሚረከብበት ጊዜ ነው። በጣም ትንሽ በሆኑ ትምህርት ቤቶች ግን ቡድኑም ባንዱም የተውጣጡት ከነዚያው ጥቂት ልጆች ስለሆነ፣ ከሰልፈኞቹ መካከል ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ ማሊያው በጭቃና በሣር የተለወሰ፣ የራስ ቁሩን ከመስመሩ ጠርዝ አኑሮ ትሮምቦን ያነሣ ልጅ ይታያል። ሌሎቹ ባለ ወርቃማ ቁልፍ የደንብ ልብስ ለብሰው ጉልበታቸውን እኩል እያነሡ ሲራመዱ፣ እርሱ በጥርሳሙ ጫማው ሣሩን እየነቀለ፣ ላቡ ከአገጩ ወደ መሣሪያው እየተንጠባጠበ፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሆዱን በትከሻቸው የመቱት ባላጋራዎቹ የተዉለትን ትንፋሽ ወደ ናሱ ይነፋል። አሠልጣኙ የሁለተኛውን አጋማሽ ዕቅድ በሚያስረዳበት ሰዓት ይህ ልጅ መልበሻ ክፍል ውስጥ ስላልነበረ፣ በሦስተኛው ሩብ መጀመሪያ ላይ ወዴት እንደሚሮጥ ግራ የገባው ተጫዋች ቢታይ ጥፋቱ የሙዚቃ መምህሩ ነው ይባላል።

አዋቂዎቹም ከዚህ ዕጣ አያመልጡም። አሠልጣኙ ቀን ቀን የታሪክ መምህር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም አውቶቡሱን ራሱ ይነዳል። ትኬት የምትቆርጠው የሒሳብ መምህርቷ፣ በማይክሮፎን የተጫዋቾቹን ስም የሚጠራው ባለ ሱቁ፣ ከመስመሩ ዳር 10 ያርድ የሚረዝመውን ሰንሰለት ይዘው ርቀቱን የሚለኩት ከዓመት ዓመት ያልተቀየሩ ገበሬዎች ናቸው። የእነዚህ የሰንሰለት ሰዎች ገለልተኝነት በሕግ የተጠበቀ ቢሆንም፣ አንዱ የአጥቂው አባት መሆኑን ዳኛውም፣ ተቃራኒው ቡድንም፣ ሰንሰለቱም የሚያውቁት ጉዳይ ነው።

እጥረቱ ሲብስ ደግሞ ጨዋታው ራሱ ሰው ይቀንሳል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በነብራስካ ግዛት ቼስተር በምትባል መንደር ያስተምር የነበረው ስቲቨን ኤፕለር፣ 11 ልጅ ማሟላት ያቃታቸውን ትምህርት ቤቶች ተመልክቶ በ1934 ባለ ስድስት ሰው ፉትቦልን ፈጠረ። ሜዳው ወደ 80 በ40 ያርድ አጠረ፤ አጥቂው መግፋት ያለበት ርቀት ከ10 ወደ 15 ያርድ ከፍ አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ኳስ ተቀብሎ የመሮጥ መብት አገኘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ11ዱ ጨዋታ የፊት መስመር ተሰላፊዎች ሥራቸው ሌላውን መግፋት ብቻ ስለሆነ፣ አራት ዓመት ተጫውተው አንድም ቀን ኳስ ሳይዙ የሚመረቁ ልጆች አሉና። የመጀመሪያው ግጥሚያ በዚያው ዓመት በነብራስካ ሄብረን ከተማ ሲካሄድ፣ ሁለቱም ቡድኖች ከሁለት ሁለት ትምህርት ቤቶች የተጣመሩ ነበሩ፤ ለስድስት ሰው የተቀነሰው ጨዋታም ያለ ማጣመር አልሞላም ማለት ነው። ውጤቱ 19 ለ19 ሆኖ ተለያዩ።

ባለ ስድስቱ ጨዋታ እስከ ዛሬ በቴክሳስ ምዕራብ ሰፊ ሜዳዎች ላይ፣ 100 ገደማ ተማሪ ባላቸው ትምህርት ቤቶች ዘንድ ሕያው ነው። ስድስት ሰው ሰፊ ሜዳ ሊሸፍን ስለማይችል ነጥቡ እንደ ቅርጫት ኳስ ይቆለላል፤ ስለዚህም አንዱ ቡድን በእረፍት ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ በ45 ነጥብ ከበለጠ ጨዋታው ወዲያው የሚቆምበት የምሕረት ደንብ ወጥቷል። ደንቡ ለተሸናፊው ርኅራኄ መሆኑ ባይካድም፣ ቡድናቸውን ተከትለው ረጅም መንገድ ነድተው የመጡት ወላጆች ገና መቀመጫው ሳይሞቃቸው ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ምሕረቱ ለማን እንደተደረገ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ፋንዲሻ ለመሸጥ የተሰለፈው ኮሚቴ ግን ከሁሉም ይልቅ ያዝናል።

የፉትቦሉ ቀን ዓርብ ማታ ነው፤ ይህም በልማድ ብቻ ሳይሆን በፌዴራል ሕግ የታጠረ ነው። በ1961 ወጥቶ በኋላ የተሻሻለው የስፖርት ስርጭት ሕግ፣ ባለሙያዎቹ ቡድኖች የቴሌቪዥን መብታቸውን በጅምላ እንዲሸጡ ሲፈቅድላቸው፣ በልዋጩ ከመስከረም ሁለተኛው ዓርብ እስከ ታኅሣሥ ሁለተኛው ቅዳሜ ድረስ (እንደነርሱ አቆጣጠር) ዓርብ ማታንና ቅዳሜን ለተማሪዎች እንዲተዉ አድርጓል። ስለዚህ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያንቀሳቅሰው የባለሙያዎቹ ሊግ፣ ትሮምቦን ለሚነፋው ልጅ ሲባል ዓርብ ማታ ከመንገድ ዞር ይላል። ሊጉ በ2024 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ዓርብ ማታ ጨዋታ ማካሄድ የቻለው፣ ዕለቱ የመስከረም የመጀመሪያው ዓርብ ስለነበረና ክልከላው ገና ስላልጀመረ ነው። ባለ ገንዘብ ጠበቃ ሲይዝ የቀን መቁጠሪያም ያነባል።

ወደ ሜዳ የሚመጣው ሁሉ ጨዋታ ለማየት እንደማይመጣ ግን መታወቅ አለበት። ከመቀመጫው ሥር፣ ወላጆች በተራ በሚያገለግሉበት የምግብ መሸጫ ዳስ ዙሪያ የሚቆም፣ ትኩስ ቸኮሌት በወረቀት ብርጭቆ ይዞ ከጀርባው ስለሚካሄደው ጨዋታ ነጥቡን ብቻ እየጠየቀ የሚያመሽ ሕዝብ አለ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ላይ የተገኘ አንባቢ ይህን ሕዝብ ወዲያው ይለየዋል፤ እዚያም ከየከተማው የመጡት ቡድኖች ጎል ሲያገቡ ብዙው ተመልካች ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ለዓመታት ያላየውን የሠፈር ልጅ እያቀፈ፣ ወይም የክትፎውን ተራ እየጠበቀ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው የሰፈሩት በዋሽንግተን፣ በዳላስ፣ በሲያትልና በመሳሰሉት ትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ስለሆነ ልጆቻቸው የሚማሩት ምልመላ ባለባቸው ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ነው፤ ይህ ደግሞ ትምህርት ቤት ለኳስ ነው ወይ ብለው ለሚጠይቁ ወላጆች ትልቅ እፎይታ ሳይሆን አይቀርም።

በቴክሳስ ነገሩ ከሁሉም ቦታ በላይ ይጋነናል። የቀድሞ ተመራቂዎች ወደ ትምህርት ቤታቸው በሚመለሱበት፣ ሆምካሚንግ በሚባለው ሳምንት፣ ሴት ተማሪዎች ደረታቸው ላይ የክሪሳንተመም አበባ ያንጠለጥላሉ። አበባው ዱሮ አንድ እውነተኛ አበባና ሁለት ሪባን ብቻ የነበረ ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት ወደ ሰው ሠራሽነት ተለውጦ፣ የልጅቱና የወዳጇ ስም የተጻፈባቸው ሪባኖች፣ ቃጭሎች፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ኳሶች፣ የጨርቅ ድቦችና በባትሪ የሚበሩ መብራቶች ተጨምረውበት ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ጌጥ ሆኗል፤ በመርፌ ቁልፍ የሚያዝ ስላልሆነም በአንገት ማንገቻ ይታሰራል። በዚያ ዓርብ ክፍል ውስጥ ስለ እርስ በርስ ጦርነት የሚያስተምር መምህር፣ አንዲት ተማሪ እርሳስ ለመቅረጽ ከተነሣች የቃጭሉ ድምፅ እስኪበርድ ማቋረጥ አለበት።

ትምህርትና ኳስ በአንድ ጣራ ሥር መኖራቸው በዚያው ግዛት ታላቅ ግጭትም አስነሥቷል። በ1984 ባለጸጋው ሮስ ፔሮ የመራው ኮሚቴ ያቀረበውን ሐሳብ ተከትሎ የወጣው ሕግ፣ በአንድ የትምህርት ዓይነት ከ70 በታች ያመጣ ተማሪ ለስድስት ሳምንት ከጨዋታ እንዲታገድ ደነገገ። አልጀብራ እስከዚያ ቀን ድረስ በቴክሳስ ገጠር ይህን ያህል አሳሳቢ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ሕጉ ከአባቶች በኩል ብርቱ ተቃውሞ ቢገጥመውም ጸና፤ በ1995 ግን እገዳው ወደ ሦስት ሳምንት ዝቅ ብሏል። ዕብደቱ እስከ ምን እንደሚደርስ ለማወቅ የሚፈልግ ደግሞ የ1988ን የኦዴሳ ወቅት ማየት ይበቃዋል። ኦዴሳ የነዳጅ ከተማ እንጂ መንደር አይደለችም፤ 19,000 ያህል ሰው የሚይዘው ስታዲየሟም የተሠራው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። በዚያ ዓመት የኦዴሳው የፐርሚያን ትምህርት ቤትና ሁለት የሚድላንድ ከተማ ቡድኖች በእኩል ድል ስለጨረሱ፣ ወደ ጥሎ ማለፉ የሚያልፉት ሁለቱ በሳንቲም ዕጣ እንዲለዩ ተወሰነ። ሦስቱ አሠልጣኞች በውድቅት ሌሊት በአንድ የከባድ መኪኖች ማረፊያ ተገናኝተው ሳንቲማቸውን ሲወረውሩ ቴሌቪዥን በቀጥታ አስተላልፎታል፤ የተወረወሩት ሳንቲሞችም ከባድ መኪና ነጂዎች ቡናቸውን ትተው የሚያዩት የመንግሥት ጉዳይ ሆኑ። ዕጣው ለፐርሚያን ወጣ፤ ኤች. ጂ. ቢሲንገር በ1990 ያሳተመው ስመ ጥር መጽሐፍም የዚያን ወቅት ታሪክ ይዟል።

ቅርጫት ኳስ ደግሞ ከመነሻው የክፍተት መሙያ ነው። በታኅሣሥ 1891 በማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለው መምህር በፉትቦልና በቤዝቦል ወቅት መካከል ባለው ብርድ ቤት ውስጥ ተዘግተው የተነጫነጩ 18 ጎረምሶችን የሚያስተነፍስ ጨዋታ እንዲፈልግ ታዘዘ። የኮክ ፍሬ መያዣ ሁለት ቅርጫቶች በእንጨቱ ሰገነት ዙሪያ ላይ አስመታ፤ የሰገነቱ ከፍታ 10 ጫማ (3.05 ሜትር) ስለነበር ቀለበቱ እስከ ዛሬ እዚያው ቁመት ላይ አለ። ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው የተጫወቱት የመጀመሪያው ግጥሚያ 1 ለ0 ሲያልቅ፣ ቅርጫቱ ቂጥ ስለነበረው ያቺን አንዲት ኳስ ለማውረድ መሰላል አስፈልጓል።

አምስት ሰው ብቻ የሚፈልገው ይህ ጨዋታ ሰው ላነሳቸው መንደሮች የተፈጠረ ይመስል በኢንዲያና ግዛት ሥር ሰደደ። ፉትቦል ለማሰለፍ የማይበቃ ትምህርት ቤት አምስት ልጅና አንድ ቀለበት አያጣም፤ ቀለበቱም በጎተራው በር ላይ ይሰቀላል። የግዛቱ ሻምፒዮና ከ1911 ጀምሮ ሲካሄድ ትልቅ ትንሽ ሳይል ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጥሎ ማለፍ ውስጥ ያገናኝ ነበር። የአካባቢ ውድድር የሚያስተናግደው ትልቅ አዳራሽ ያለው ከተማ ስለነበርና የመግቢያ ገንዘቡም ለእርሱ ስለሚጠቅም፣ ከተሞቹ ከነዋሪያቸው ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ጂምናዚየም በመሥራት ይፎካከሩ ጀመር፤ በኒው ካስል ከተማ ያለው ከ9,000 ሰው በላይ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከከተማው ሕዝብ ግማሹ ያህል አንድ አዳራሽ ውስጥ በሚቀመጥበት ምሽት ሌባ ሥራ ይበዛለት ነበር ተብሎ ሊገመት ይችላል፤ ሌባውም ቲፎዞ ካልሆነ።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ቀን መጋቢት 20, 1954 ነው (በእነርሱ ወር አቆጣጠር)። 161 ተማሪ ብቻ የነበረው የማይላን ከተማ ትምህርት ቤት፣ በተማሪ ቁጥር አሥር እጥፍ ከሚበልጠው ከመንሲ ሴንትራል ጋር በኢንዲያናፖሊስ ለፍጻሜ ተገናኘ። ቦቢ ፕላምፕ የተባለው የማይላን ተጫዋች በመጨረሻው ሩብ ኳሱን ይዞ ከአራት ደቂቃ በላይ ዝም ብሎ ቆመ፤ በጊዜው ኳስ ለመወርወር የሚያስገድድ ሰዓት ስላልነበረ ማንም ሊያስገድደው አልቻለም፤ የአዳራሹ ሕዝብም አንድ ልጅ ሲቆም ለማየት ትኬት እንደገዛ ተረዳ። ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ያው ፕላምፕ ወርውሮ አገባ፤ ውጤቱም 32 ለ30 ሆነ። በማግስቱ ቡድኑ ወደ መንደሩ ሲመለስ ከከተማዋ ሕዝብ በብዙ እጥፍ የሚልቅ አጃቢ መንገዱን ሞልቶት ነበር። በ1986 የወጣው ሁዚየርስ የተባለው ፊልም መነሻው ይህ ታሪክ ሲሆን፣ ፕላምፕ ራሱም በኋላ የመጨረሻ ውርወራውን ስም የያዘ ምግብ ቤት በኢንዲያናፖሊስ ከፍቷል። ተአምር የሚለው ቃል ግን በልክ መነገር ይገባዋል፤ ማይላን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም እስከ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ደርሳ ነበርና። እግረ መንገዱን ማይላን በዚያ ዓመት ካሸነፋቸው አንዱ የጥቁሮች ትምህርት ቤት የነበረው የኢንዲያናፖሊሱ ክሪስፐስ አታክስ ሲሆን፣ እርሱም በ1955 በኦስካር ሮበርትሰን መሪነት ዋንጫውን ሲወስድ፣ የደስታ ሰልፉ ከመሐል ከተማው ፈጥኖ እንዲወጣ ተደርጎ ወደ ጥቁሮቹ ሠፈር መናፈሻ ተሸኘ። የአገሩ ሰው ስለ ማይላን ሲያወራ የሚቸኩለው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ከ1997–98 ጀምሮ ኢንዲያና ትምህርት ቤቶቹን በተማሪ ብዛት በአራት ምድብ ከፍላ ለእያንዳንዱ ዋንጫ ትሰጣለች። ትንንሾቹ አሁን ዋንጫ የማግኘት ዕድላቸው ሰፍቷል፤ ነገር ግን ትልቁን የመጣል ዕድላቸው ስለጠፋ፣ ሽማግሌዎቹ ዋንጫ በበዛበት አገር የሚቆጩ ብቸኛ ሰዎች ሆነው ቀርተዋል።

በአዮዋ ግዛት ደግሞ የቅርጫት ኳሱ ንግሥና የሴቶች ነበር። ከ1920 ጀምሮ የግዛት ሻምፒዮና የነበራቸው የአዮዋ ልጃገረዶች እስከ 1993 ድረስ ይጫወቱት የነበረው ስድስት ለስድስት ነው፤ ከስድስቱ ሦስቱ አጥቂዎች በአንዱ ግማሽ ሜዳ፣ ሦስቱ ተከላካዮች በሌላው ግማሽ ተወስነው መሐል መስመሩን መሻገር የተከለከሉ ሲሆን፣ ኳስ ማንጠር የሚፈቀደውም ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ሕጉ የወጣው ሴት ልጅ ብዙ መሮጥ አትችልም ከሚል እሳቤ መሆኑ ዛሬ ያሳፍራል፤ ትልልቆቹ የከተማ ትምህርት ቤቶች ሴቶችን ማጫወት ትተው በቆዩበት ዘመን ግን ያው ሕግ በየበቆሎ እርሻው መካከል ያሉ መንደሮችን ሴት ልጆች ጀግና አድርጓል። በ1968 ፍጻሜ ዩኒየን–ዊትን ኤቨርሊን በጭማሪ ሰዓት 113 ለ107 ሲያሸንፍ፣ የአሸናፊዎቹ ዴኒስ ሎንግ 64፣ የተሸናፊዎቹ ጃኔት ኦልሰን 76 ነጥብ አስቆጥረዋል። በዓመቱም የሳን ፍራንሲስኮ ዎሪየርስ የተባለው የወንዶች ባለሙያ ቡድን በምልመላው ሎንግን በስሟ መርጧል፤ ምርጫው ወዲያው ቢሰረዝም በመንደሯ ግን ሲወራ ቆይቷል።

ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለቱ ወቅቶች በሰላም አይረካከቡም። የፉትቦሉ ቡድን ጥሎ ማለፉን እያሸነፈ በገፋ ቁጥር የቅርጫት ኳሱ አሠልጣኝ ልምምድ የሚጀምርበት ሰው ያጣል፤ አምስቱም ተሰላፊዎቹ ገና ውጭ በረዶ ላይ እየተገፈታተሩ ነውና። በአደባባይ ቡድኑን እያበረታታ በልቡ ሽንፈትን የሚመኝ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ቢኖር እርሱ ነው። በመጨረሻ ሲያገኛቸውም አንዱ እያነከሰ፣ ሌላው ጣቱን በፕላስተር ጠቅልሎ፣ ሁሉም ለወራት ሰውን በትከሻ መጣል ሲማሩ ቆይተው ይመጣሉ፤ ዳኛው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፊሽካ ሲነፋ የሚከርመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እጥረቱ ከዚህም ሲያልፍ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይጠፋል። በአሜሪካ በ1939–40 ወደ 117,000 የሚጠጉ የትምህርት አስተዳደር ወረዳዎች የነበሩ ሲሆን፣ ዛሬ የቀሩት 13,000 ያህል ናቸው፤ ሌሎቹ የተዋጡት መንገድ ሲሻሻል፣ የእርሻ መሣሪያ የሰው ጉልበትን ሲተካና ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ በተካሄደው የማዋሐድ ሥራ ነው። ሁለት ለዘመናት ጠላት የነበሩ መንደሮች ሲዋሐዱ የሒሳብ መምህራኑን ማቀናጀት አይከብድም፤ ፀቡ ያለው ማሊያው ምን ቀለም ይሁን፣ ቡድኑ በየትኛው አውሬ ስም ይጠራ፣ ያረጀው ዋንጫስ በማን መደርደሪያ ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ፉትቦሉ በአንዱ መንደር ሜዳ፣ ቅርጫት ኳሱ በሌላው ጂምናዚየም ይጫወታል፤ ስለዚህም አንዱ መንደር ፋንዲሻውን በመጸው፣ ሌላው በክረምት ይሸጣል። ስያሜው ካላስማማ ደግሞ ሁሉም ፊደሉን ያዋጣል። ዴኒስ ሎንግ የተጫወተችበት ዩኒየን–ዊትን ዛሬ ቢማን፣ ኮንራድና ሊስኮም ከተባሉ መንደሮች ጋር ተዋሕዶ፣ በአምስቱ መንደሮች የመጀመሪያ ፊደል ቢ-ሲ-ኤል-ዩ-ደብሊዩ ይባላል። ጭፈራ የሚመሩት ልጃገረዶች ይህን አንድ በአንድ ሲጠሩ፣ ዊትን ወረፋዋ እስኪደርስ አንድ ኳስ ሊገባባቸው ይችላል።